ጅማ ለጨዋታ አይሰጥም

ጥቅምት 6 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ እሁድ

ተመለስኩ። «ሁለተኛ አልጫወትም» ብዬ ምዬ ነበር። መሐላ ጠብቆ መኖር ግን የሽማግሌዎች ሥራ ነው፤ እኔ ገና አሥራ አምስት ዓመቴ ነው።

ትናንት በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ጋሽ ሣህሉ ከአሰንዳቦው አውቶቡስ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «አንቺ የአናጢው የኤርሲዶ ልጅ! ቲጃኒ ደብተር ልኮልሻል። ሾፌር ነኝ ስል ፖስተኛ አደረጋችሁኝ እኮ!» አሉኝ። ሰማያዊው ደብተር። ጠርዙን አይጥ የቀመሰው። ዓመት ሙሉ አላየሁትም። ውስጡ ቲጃኒ በዚያ ዶሮ የጫረው በሚመስል ጽሕፈቱ፣ «ልያ፣ ዓመት አለፈሽ። ሴትዮሽ በሕጉ መሠረት ሞታለች። አዲስ ሰው አስገቢ። ደግሞ አልዓዛር ተራውን ልኳል» ይላል።

አልዓዛር ልኳል! ከመጋቢት ወዲህ ለእኛ አንዲት መስመር ያልጻፈ ሰውዬ ለጨዋታ ሲሆን ጊዜ አገኘ። ወንድሜ ነው፣ ያደርገዋል።

አዲስ ሰው የሚያስገባ ተጫዋች ሕጉን በእጁ መገልበጥ አለበት። ይኸው ገለበጥኩ። ጨዋታው «አገር ስጠኝ» ይባላል። እንቆቅልሽ ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ ያወቀ ይወስዳል፤ አገር የወሰደ ደግሞ መሳደብ መብቱ ነው። እስከዚህ ማንም ሕፃን ያውቀዋል። አልዓዛርና ቲጃኒ ግን ሰባተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ሳሉ በደብተር አደረጉት፤ የቲጃኒ ቤተሰብ ወደ አሰንዳቦ ሲመለስ ደብተሩ በአውቶቡስ ይመላለስ ጀመር። እያንዳንዳችን አንድ የፈጠራ ሰው አለን። ሰውዬው ሲወለድ ለቃሚ ነው፤ ሦስት አገር ሲያገኝ አበጣሪ፣ ቀጥሎ ሰብሳቢ፣ ቀጥሎ አቅራቢ፣ መጨረሻ ላኪ ይሆናል። ልክ እንደ ቡናው፣ ከዛፍ እስከ መርከብ። የእንቆቅልሹ መልስ በታሸገ ፖስታ ዳኛው ጋ ይቀመጣል። ዳኛው ቲጃኒ ነው። መልሱ የጠፋበት «አስብበታለሁ» ብሎ እስከፈለገው ድረስ ማቆየት ይችላል። ዓመት የጠፋ ተጫዋች ሰውዬው ይሞትና ከለቃሚ ይጀምራል። የመጨረሻውን ሕግ ያስገባው አልዓዛር ነው፦ ጅማ አይሰጥም፣ አይወሰድም። «እናት ያለችበት አገር ለጨዋታ አይሰጥም» ብሎ።

የእሱ ሰው ነጋድራስ ጎፈሬ ይባላል፤ ላኪ ነው፣ አገሩ ብዙ፣ ስድቡ የበለጠ። የእኔዋ ሟች ስሟም አይነሳ። አዲሷ ወይዘሪት ኮሽም ትባላለች። አጥር ላይ የምትበቅል፣ እሾሃም፣ ፍሬዋ ጥርስ የሚያጠርስ። ለቃሚ።

አልዓዛርን ብሔራዊ ውትድርና የወሰደው አምና መስከረም ነው። ያን ቀን ነው ደብተሩን ጥዬ የማልኩት። እንደ እኔ አሳብ እኔ ካልተጫወትኩ እሱ አይሄድም ነበር። ሄደ።

የካቲት ላይ ለእኔ ብቻ ደብዳቤ ጻፈ። «ፌንጣ፣ ኩርፊያሽ ሰሜን ድረስ ይሰማል። ይኸው እንቆቅልሽ፤ መልሱ ቲጃኒ ጋ ታሽጓል፦ እሁድ እሁድ ብቻ ጸሎት ይሄዳል፤ ሁለት አፍ አለው፤ አንድ ቀን እንኳ ዘምሮ አያውቅም። ወይ መልሺ፣ ወይ አገር ስጪ።»

መልስ አልጻፍኩለትም። ቢጨንቀው ይሻለዋል ብዬ።

ጥቅምት 9፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ወይዘሪት ኮሽም ሦስት ጥያቄ ልካለች። ሁለቱ ቀላል፣ አንዱ መርዝ። የሁለት አፉንም ሞክሬያለሁ፦ «ወንድም ሆሴዕ» ብዬ። ሰባኪያችን ናቸው፤ እሁድ ጸሎት ይመጣሉ፣ መዝሙር ላይ ከንፈራቸውን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሱት፣ ለሐሜትና ለስብከት ደግሞ ሁለት አፍ ያስፈልጋል። ቲጃኒ «አይደለም» ካለ «አስብበታለሁ» እላለሁ።

ጥቅምት 15፣ ማክሰኞ

ቤታችን ሰው በዛ።

ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ጀምሮ ጸሎታችን በየቤቱ፣ ተራ በተራ፣ በሹክሹክታ ነው፤ መዝሙራችን ከንብ ቀፎ አይለይም። የእኛ ተራ ገና ነው። ታዲያ ወንድም ሆሴዕ ዛሬ በማክሰኞ ምን አመጣቸው? ከሁለት ሽማግሌ ጋር መጥተው ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ። እንደገና ስለዚያው ዝናብ አወሩ። ወንድም ሆሴዕ ጸሎት ሲያደርጉ ቆሎ እንኳ ይቀዘቅዛል፤ ዛሬ ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሰው ወጡ። ታመው ይሆናል።

ጎረቤታችን እማማ ዘይቡም በየቀኑ በሳህን ምግብ ይዘው ይመጣሉ። «ለእናትሽ ነው፤ ለሁለት ነው የምትበላው» ይላሉ። (እማዬ በአርባ አንድ ዓመቷ አርግዛለች። ስለዚህ ጉዳይ አልጽፍም። ክፍል ውስጥ የሰማ ሁሉ ያሾፋል።) ሳህኑን ስቀበላቸው አገጬን ይዘው «ጃባዹ» አሉኝ። በኦሮምኛ በርቺ፣ ጠንክሪ ማለት ነው። ሳህኑ ከብዶኝ መስሏቸው ነው መሰለኝ።

አባባ ግን ነው የገረመኝ። አባባ ያን ደብተር «የሰይጣን ጋዜጣ» ነበር የሚለው። አንድ ጊዜ ምድጃ ውስጥ ሊጨምረው ሲል አልዓዛር ከእጁ ነጥቆ ሮጧል። ዛሬ ጣውላ ሲልግ መላጊያውን አቆመና፣

«ልያ፣ ጨዋታው እንዴት ነው?» አለኝ።

«የቱ ጨዋታ?»

«የወንድምሽ።»

«ደህና ነው።»

«ተጫወቺ» አለ። «ለእናትሽም አንቢላት።» ተመልሶ መላግ ጀመረ።

ያቺ ጣውላ የአልዓዛር አልጋ ናት። ሲመለስ የሚተኛበት፣ ሰፊ፣ የሚስት ቦታ ያለው። አባባ አንዷን ሳንቃ ሦስት ቀን ላጋት፤ እንዲህ ከቀጠለ ወረቀት ትሆናለች።

ጥቅምት 23፣ ረቡዕ

አበጣሪ ሆንኩ! ሦስት ለባዶ! ነጋድራስ ጎፈሬ ሦስቱንም አላወቀም። አጋሮን፣ ሰቃንና ሰርቦን በሁለት ሳምንት አስረከበኝ። ስድብ የለ፣ ክርክር የለ። «ጎበዝ፣ ውሰጂ» ብቻ።

ቲጃኒ እንደሚለው ደብዳቤው በሰው እጅ ለእሱ ይደርሰዋል፣ እሱ ወደ ደብተሩ ይገለብጠዋል። እኛስ ለምን በሰው እጅ አይደርሰንም ብዬ ጠይቄያለሁ።

ለእማዬ አነበብኩላት። እማዬ ማንበብ ትችላለች፤ ግን ፊደሉን አንድ አንድ እንደ ምስር ስለምትለቅመው እራት ይደርሳል። «ጎበዝ አለሽ? ልጄ ትልቅ ሰው ሆኗል» አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እስኪ ድገሚው።»

ደገምኩት።

(ሁለት አፉ፦ «ወንድም ሆሴዕ» አይደለም። «በር» ብዬም ነበር፣ እሱም አይደለም። አስብበታለሁ።)

ኅዳር 2፣ ዓርብ

ቡና ለቀማ ዘመቻ። ከሰቃ ወዲያ። ጫካው ውስጥ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

ስፖርት አስተማሪያችን ጉቶ ላይ ወጥቶ «እያንዳንዷ ቀይ ፍሬ በጠላት ላይ የምትተኮስ ጥይት ናት!» አለ። ንግግሩ አንድ ሰዓት ፈጀ፣ ጥይቶቹ ዛፍ ላይ ቆዩ።

እጄ ተጣብቋል። ጉንዳን ነክሶኛል። በእውነትም በጨዋታም ለቃሚ ሆኜ ነበር፤ ጨዋታው ይሻላል። ሰባት ጊዜ ስለ አልዓዛር አሰብኩ። ሰሜን ቡና አለ? የካቲት ላይ መልስ ብጽፍለት ኖሮ አንድ ብጣሽ ወረቀት ነበር የሚፈጀው። ተነሱ ተባለ።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

ደብተሩን ልቀበል መናኸሪያ ሄድኩ። ሰብሳቢ ሆኛለሁ፤ ይህን በኋላ።

ከአውቶቡሱ ማን ወረደ? ሱሌይማን፣ የቲጃኒ አጎት ልጅ። ከአልዓዛር ጋር በአንድ መኪና ነው የተጫኑት፣ በአንድ ጦር ውስጥ ናቸው። መመለሱን ማንም አልነገረኝም! አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። በሁለት ምርኩዝ። ለሕክምና ነው የመጣው። ሮጬ ሄድኩ።

«ሱሌይማን! እኔ ልያ ነኝ! የአልዓዛር እህት!»

አየኝ። ምርኩዙ ተንሸራተተና ጋሽ ሣህሉ ደገፉት።

«ፌንጣ» አለ።

ይህን ስም ያወጣልኝ አልዓዛር ነው፤ ከቤታችን ውጭ ማንም አያውቀውም። እዚያም ያወራኛል ማለት ነው። ደስ አለኝ።

«እንዴት ነው? ወፈረ? ፀጉሩን ላጩት አይደል? ነጋድራስ ጎፈሬ ያለ ጎፈሬ!»

ጋሽ ሣህሉ ጣልቃ ገብተው፣ «ነይ አንቺ፣ ደብተርሽን ያዥና ወደ ቤትሽ! ሰውዬው መንገድ አድክሞታል፣ አታይም?» ብለው ጮኹብኝ። እሳቸው በሕይወታቸው ጮኸውብኝ አያውቁም። ስሄድ ሱሌይማን ከኋላዬ ጠራኝ።

«ልያ፣ አላህ ያጽናሽ።»

ለፈተናው ይሆናል። ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ እንደምፈተን ቲጃኒ ነግሮታል።

ኅዳር 11፣ እሁድ

ለፈተናው ነው።

ኅዳር 18፣ እሁድ

ጸሎቱ የእኛ ቤት ነበር። መስኮቱ ተዘግቶ አሥራ ስድስት ሰው። አባባ የክት ልብሱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ ሁሉን አቀፈ፣ ሁሉም ከወትሮው አንድ አንድ ደቂቃ አስበልጠው አቀፉት። ወንድም ሆሴዕ በጸሎት መሐል «ለዚህ ቤት መጽናናትን…» ብለው ጀመሩና ሳል ያዛቸው። እማዬ «አሜን» አለች። እማዬ የሳል ጸሎትም ቢሆን አሜን ትላለች።

ከነጋድራስ ጎፈሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የመጣው፦ «ቆሞ ሲያድግ ልብ የሚለው የለም፤ ተጋድሞ ሲያገለግል ግን ሰው ይሸከማል።» መልሱ እንጨት ነው፣ አልጋ። እንዲህ ያለ ደረቅ እንቆቅልሽ የሚያወጣ አናጢ ብቻ ነው። አልዓዛር ቢሆን የሆነ ሰው ከአህያ ሳይወድቅበት አይጨርሰውም።

ለአባባ አነበብኩለት። «ጥሩ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ከዓይኔ ሸሸ።

«ጥሩ ነው» አልኩት። «ትንሽ አናጢ አናጢ ይሸታል እንጂ።»

በእኔ በኩል የላክሁት ጥያቄ የቆየ ነው። ስድስት ዓመቴ ሳለ አልዓዛር በእኔ ላይ ያወጣው፣ በየሰርጉ በየለቅሶው ፊቴን ያቃጠለው፦ «ቀን ይተኛል፣ ማታ ይስቃል፣ የልያን ፍራሽ ያረጥባል።» ጅብ። ጅብ ሲጮህ እፈራ ነበርና። ይህን ለዘጠኝ ዓመት ሲለኝ ኖሯል። የላክሁት እንዲሳደብ ነው። እንደ ድሮው አንድ ጊዜ ይሳደብልኝ።

ኅዳር 27፣ ማክሰኞ

ወንድ ልጅ። ጠዋት ሦስት ሰዓት። እማማ ዘይቡ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ከወንድም ሆሴዕ ቀድመው እልል አሉ። ቀይ ነው፣ የተሸበሸበ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ይመስላል።

እማዬ እንደ ነቃች የመጀመሪያ ንግግሯ፣ «ስሙን አልዓዛር ያውጣለት። በደብተሩ ጻፊለት» ሆነ።

አባባ ወጣ። የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ስሄድ የአልዓዛርን አልጋ ሳንቃ ለሁለት ቆርጦታል። ለሕፃኑ አልጋ ሊሠራ።

«አልዓዛር ሲመጣ የት ሊተኛ ነው?»

«እንጨት ሞልቷል» አለ። ጀርባውን እንደ ሰጠኝ።

ታኅሣሥ 5፣ ረቡዕ

ደብተሩ መጣ።

ስለ ሕፃኑ ስም ቲጃኒ፣ «አልዓዛር ስለ ስሙ ገና ምንም አላለም» ይላል።

ስለ ጅቡ፣ «ነጋድራስ ጎፈሬ፦ አላወቅኩም። ጎበዝ። ሊሙን ውሰጂ።»

አቅራቢ ሆንኩ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 6፣ ሐሙስ

ወታደር ቤት ጭንቅላት ያደነዝዛል። ሰው እንደዚያ ያለ ነገር ይረሳል። የሰው ስም የሚረሱ አሉ።

ታኅሣሥ 7፣ ዓርብ

አይረሳም።

ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ

ትናንት ሂሳብ አልሠራሁም። አስተማሪው «ልያ፣ አእምሮሽ የት ነው?» አለ። «አሰንዳቦ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፣ ተንበረከክሁ። ተንበርክኬ ቆጠርኩ፦ አባባ «ጣውላ ልገዛ» ብሎ አሰንዳቦ የሄደው መስከረም መጨረሻ ነው። ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። ደብተሩ የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ዝናብ። ሳህን። ጃባዹ። አላህ ያጽናሽ።

ሳላሸንፈው የኖርኩት አንድ ዓመት ሳይሆን ዕድሜ ልኬን ነው። አልዓዛር አንድ ቀን እንኳ ምሮኝ አያውቅም። ኩፍኝ ይዞኝ ተኝቼ እንኳ አጋሮን ወስዶብኛል።

እዚህ ላይ አቆማለሁ። ያልጻፉት ነገር አልሆነም።

ታኅሣሥ 16፣ እሁድ

እማዬ በየቀኑ «ስሙስ?» ትላለች። ሕፃኑን ሁሉም «ማሙሽ» ይለዋል። አራስ አይነገራትም፤ ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። ጡቷ ይደርቃል ይባላል፤ ሕፃኑም አብሮ። ሁሉም ሰው ትንፋሹን ይዞ አርባ ቀን እየጠበቀ ነው፤ እኔም ያዝኩ።

ቲጃኒ ደግሞ አይችልበትም። ጌታ ይባርከውና ጥሩ ልጅ ነው፤ መሳደብ ግን አልፈጠረበትም። አልዓዛር እንዴት እንደሚሰድብ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ተሰዳቢዋ።

ስለዚህ ዛሬ ከሰማያዊው ደብተር እንደማነብ አድርጌ ለእማዬ አነበብኩላት፦

«ነጋድራስ ጎፈሬ እንዲህ ይላሉ፦ ወይዘሪት ኮሽም ሆይ፣ ሊሙን መልሺ፤ ወፍ እንኳ ያልቀመሰሽ፣ ከአጥር የወረድሽው በስህተት ነው። ጅቡ ነው መልሱ፣ ፍራሹስ ደረቀ? እናቴ ሆይ፣ የልጁ ስም ወርቅአገኘሁ ይሁን። እስከ ዛሬ ያገኛችሁት ፌንጣ ብቻ ነበር።»

እማዬ እስክታነባ ሳቀች። «ይኸው! ይኸው ልጄ!» አለች። «ያ “ጎበዝ ጎበዝ” ሲል የከረመው ነገር አላማረኝም ነበር። አሁን እሱ ነው።» ሕፃኑን ወደ ላይ አነሳችው፣ «ወርቅአገኘሁ! ሰማህ? ወንድምህ ነው ያወጣልህ!»

አባባ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። በደብተሩ ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር እንደሌለ ያውቃል። አየኝ፣ አየሁት። ከዚያ ሄዶ መላጊያውን ሲስል ሰማሁት፤ ከሳምንት በፊት ነው የሳለው።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ነጋድራስ ጎፈሬ ሦስት ጊዜ አሸንፎኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ እኔው ጽፌ። እያደር እየተካንኩ ነው። አንድ ስድብ ሳወጣ እኔው ሳቅ ያዘኝ፣ «ይህን ለአልዓዛር ልንገረው» ብዬ ቀና አልኩ።

አባባ ለገና የክት ልብሱን ለብሶ ጸሎት ሄደ። ጽፌ ጨረስኩ።

ጥር 10፣ ረቡዕ

የሕፃኑ አልጋ አለቀ። ጠርዙን አባባ በብርጭቆ ስባሪ ፍቆ አለስልሶታል። ከጎኑ ተቀምጬ ፍቅፋቂ እጠርግ ነበር።

«አርባ ቀኑ አለፈ» አለ።

«ቆጥሬያለሁ።»

«ወንድም ሆሴዕ በሚቀጥለው ሳምንት ይሻላል አሉ።»

«ሁልጊዜ በማለዳ ለምንድነው?» አልኩት። «ሰው ቁርስ በልቶ ቢሰማ ምን ይሆናል?»

አባባ የፍቅፋቂውን አቧራ ከፀጉሬ ላይ እፍ አለልኝ። «ሱሌይማን እንደ ነገረኝ ቲጃኒን የለመንኩት እኔ ነኝ» አለ። «እናትሽን ላሳርፍ ብዬ። አንቺንም። የእንጨቱን እንቆቅልሽ እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«አውቄዋለሁ። አናጢ አናጢ ይሸታል አላልኩህም?»

«እንግዲህ የሰይጣን ጋዜጣ ላይ ጻፍኩ» አለ። መጋዙን አነሳ፤ የሚቆረጥ እንጨት ግን አልነበረም።

ጥር 18፣ ሐሙስ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። ወንድም ሆሴዕ፣ ሽማግሌዎቹ፣ እማማ ዘይቡና ሴቶቹ። ኮቴያቸውን ቀድሜ ሰማሁ፤ ብዙ ሰው ቀስ ብሎ ሲሄድ ከሩጫ ይብሳል። አባባ ለብሶ ጠብቋቸዋል። ወለሉ በእማዬ አዲስ ሰሌን ተሸፍኗልና ወንዶቹ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ።

እማዬ ሕፃኑን እያጠባች ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው። እማማ ዘይቡ ሕፃኑን ከጡቷ ላይ ቀስ አድርገው ተቀበሏት። ያን ጊዜ ገባት።

«ሆሴዕ፣ አትናገር» አለች። አንተ አለቻቸው። «እንዳትናገር።»

ተናገሩ። መጋቢት ላይ መሆኑን ተናገሩ። እማዬ እኔን ነው የተመለከተችው። እኔን! «አንብበሽልኛል» አለችኝ። «ስም አውጥቶለታል…»

የት ልግባ? ቀና ማለት አልቻልኩም። ወለሉን አየሁ። ሰሌኑን፣ የሰዉን እግር ሁሉ አየሁ። የአባባን እግር አየሁ።

የክት ካልሲውን አድርጓል። በሐሙስ። ግራጫ፣ ለጸሎት ብቻ የሚወጣው። ከፊቱ ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል። እግር የሚገባበት አንድ አፍ፣ ጣት የሚወጣበት ሁለተኛ አፍ። እሁድ እሁድ ብቻ ጸሎት ይሄዳል። አንድ ቀን እንኳ ዘምሮ አያውቅም።

ሳቅኩ።

በመርዶ መሐል፣ እናቴ ደረቷን እየመታች፣ ሳቅኩ። ማቆም አቃተኝ። «ያ ረቢ፣ ልጅቷን! ውኃ አምጡ!» አሉ እማማ ዘይቡ፣ ሕፃኑን በአንድ ክንዳቸው እኔን በሌላው አቅፈው። ወንድም ሆሴዕ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው መጸለይ ጀመሩ፤ ይህ ደግሞ አባሰብኝ። ሳቁ መቼ ወደ ሌላው እንደ ተለወጠ አላውቅም። ድምፁ አንድ ዓይነት ነው።

ጥር 27፣ ቅዳሜ

ሰው እየቀነሰ ነው። ቲጃኒ ለለቅሶ መጥቶ ሦስት ቀን ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሲያመላልስ ሰነበተ። ዓይኔን ማየት ፈራ። «ይቅር በይኝ» አለ። «ስድብህ ደካማ ነው» አልኩት። አለቀሰ፤ እኔም።

እማዬ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር። ትናንት ጠራችኝና ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ስሙ ወርቅአገኘሁ ነው» አለች። «ማንም አይለውጠውም።»

አባባ ዛሬ ጠዋት፣ «ያን ቀን ምን አሳቀሽ?» አለኝ። ሲቆጣ አልነበረም። ነገርኩት። እንቆቅልሹን በቃሌ አልኩለት። አባባ መጀመሪያ እግሩን አየ። ዛሬ ባዶ እግሩን ነው። ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ተጠጋሁት፣ ይስቃል። «ይህ ባለጌ» አለ። «ይህ ባለጌ፣ እኔ ለእሱ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይለት እሱ እግሬን ያያል!» ብዙ ሳቀ። ከዚያ ግንባሩን የሕፃኑ አልጋ ጠርዝ ላይ አስደገፈ፣ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

ቲጃኒ የታሸገውን ፖስታ ሰጠኝ። የአልዓዛር የራሱ ጽሕፈት፣ ወደ ቀኝ የሚወድቀው፦ «መልስ፦ የአባባ የክት ካልሲ። ቲጃኒ፣ ብትለምንህም እንዳትነግራት። ራሷ ታገኘዋለች።»

ያወቀ ይወስዳል ይላል ሕጉ። ላኪ ለመሆን ደግሞ የቀረችኝ አንዲት አገር ናት። ጋሽ ሣህሉ አውቶቡሱን አስነስተው ይጠብቃሉ፤ ዛሬ ፖስተኛነታቸውን አልረገሙም። ቲጃኒ ተሳፍሯል። በሰማያዊው ደብተር የጻፍኩትን እዚህም ልገልብጠው፦

«ወይዘሪት ኮሽም፣ አቅራቢ፣ የካቲት የተጠየቀችውን መልሳለች፤ ስለ ዘገየች ይቅርታ ትጠይቃለች። መውሰድ ሲገባት አልወሰደችም። ለነጋድራስ ጎፈሬ ጅማን ሰጥታለች። ሕጉን ታውቀዋለች። እናት ያለችበት አገር ስለ ሆነ ነው የሰጠችው፤ ገብተው ይረፉበት። ተራው የእርስዎ ነው።»